ሲቲው «አለ»፣ ኢኮው «አልታየም»፦ ፎንታን በተሠራለት ልብ የረጋ ደም ሲፈለግ

ጥያቄ፦
ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው፤ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ከልቡ ሁለት የታችኛው ክፍሎች የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። በ6 ዓመቱ ውጭ አገር ሄዶ ፎንታን የሚባለው ቀዶ ሕክምና ተሠርቶለታል። ባለፈው ወር ትንፋሽ አጠረኝ፣ ጎኔን ወጋኝ ሲል ሆስፒታል ወሰድነው። ሲቲ ስካን ተነሣና «በግራ የሳንባ ደም ቅዳ ውስጥ የረጋ ደም አለ» ተብሎ ዋርፋሪን የሚባለው የደም ማቅጠኛ ተጀመረለት። በሳምንቱ ሌላ ቦታ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሲነሣ ደግሞ «የረጋ ደም አልታየም» የሚል ወረቀት ሰጡን። ኦክስጅኑ 86፣ ሄሞግሎቢኑ 19 ነው። አይኤንአሩ (ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው ቁጥር) አንዴ 1.7፣ አንዴ 4.1 እያለ የመድኃኒቱ መጠን ከፍ ዝቅ ይላል። የትኛውን ምርመራ እንመን? መድኃኒቱንስ ያቁም? እናቴ «የልጄን ደም በከንቱ አቀጠኑት» እያለች እንቅልፍ አጥታለች።

መልስ፦
ከመጨረሻው ጥያቄ እንጀምር፦ ዋርፋሪኑን አያቁም። የረጋ ደም እንደሌለ በትክክለኛው መንገድ በተነሣ ምስል እስኪረጋገጥ ድረስ መድኃኒቱ ይቀጥላል። የሚያቆመውም የሚከታተለው የልብ ሐኪም ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ወረቀቶች። የተቃረኑ ይመስላሉ እንጂ አልተቃረኑም። የኢኮውን ወረቀት አንድ ጊዜ መልሰው ያንብቡት፤ «አልታየም» ነው የሚለው፣ «የለም» አይልም። ኢኮ ከሚፈለገው ቦታ ግማሹን እንኳ በደንብ ላያይ ይችላል። የሲቲው ወረቀት ደግሞ በድፍረት «አለ» ብሏል። ነገር ግን ሲቲ በተለመደው መንገድ ከተነሣ ፎንታን ባለው ሰው ላይ የሌለ የረጋ ደም ሊያሳይ ይችላል። ይህ ሲቲ በብዛት ከሚያሳስትባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ቀዶ ሕክምናው ምን እንዳደረገ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንሲስ ፎንታን ይህን ቀዶ ሕክምና በ1968 እ.ኤ.አ. በቦርዶ ጀመረው፤ በ1971 ለሕክምናው ዓለም አሳወቀው። ዛሬ የሚሠራው ዓይነት ከያኔው ብዙ ተለውጧል፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው፦ ያለችው አንዲት ጠንካራ የልብ ክፍል ለሰውነት ብቻ ትግፋ፣ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ልብን ሳይነካ በራሱ ይፍሰስ። ከራስና ከእጅ የሚመለሰውን ደም የሚያመጣው የላይኛው ትልቁ ደም መልስ በቀጥታ ከሳንባ ደም ቅዳ ጋር ይሰፋል። ከሆድና ከእግር የሚመለሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከልብ ውጪ በሚያልፍ፣ ከ18 እስከ 20 ሚሊ ሜትር በሚሰፋ ጎርቴክስ በሚባል ሰው ሠራሽ ቱቦ ወደዚያው ይደርሳል። የሚገፋው ፓምፕ የለም። ደሙ የሚሄደው በደም መልሱ ግፊትና በአተነፋፈስ ነው፤ ስለዚህ ዝግ ይላል። ዝግ ያለ ደም ይረጋል፤ ፎንታን ያለው ሰው ለደም መርጋት የተጋለጠበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

የሲቲው ችግር የሚመጣውም ከዚሁ ነው። በሌላው ሰው ልብ ውስጥ ከላይና ከታች የመጣው ደም ተገናኝቶ፣ በቀኙ የታችኛው ክፍል በደንብ ተማስሎ ነው ወደ ሳንባ የሚላከው። ወንድምዎ ያ ማማሰያ የለውም። ሁለቱ ጅረቶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ጭማቂ ቤት የሚቀርበውን ስፕሪስ ያስቡት፣ አቮካዶውና ማንጎው በአንድ ብርጭቆ ሆነው ሳይቀላቀሉ የሚቆዩትን። ብዙ ጊዜ ከላይ የሚመጣው ወደ ቀኝ ሳንባ ያደላል፣ ከታች የሚመጣው ወደ ግራ። በአዋቂ ሰው ደግሞ ከጠቅላላው ደም ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚመጣው ከታች ነው።

ለሳንባ የረጋ ደም የሚነሣው የተለመደው ሲቲ እንዲህ ይሠራል። በክንድ ካኑላ ይገባና ኮንትራስቱ (ደሙን በምስሉ ላይ የሚያጎላው ፈሳሽ) በማሽን በፍጥነት ይገፋል። ኮንትራስቱ የሳንባ ደም ቅዳ ላይ ብቅ እንዳለ፣ ማለትም ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ፣ ምስሉ ይወሰዳል። ኮንትራስት ያገኘው ደም ነጭ ሆኖ ይታያል፤ የረጋ ደም ግራጫ ሆኖ ይቀራል። በወንድምዎ ግን በክንድ የገባው ኮንትራስት በላይኛው ደም መልስ ብቻ ወርዶ ወደ ቀኝ ሳንባ ያደላል። በዚያች ሰከንድ ከሆድና ከእግር የመጣው፣ ኮንትራስት ያልነካው ደም ግራውን ሞልቶታል። እሱም ግራጫ ነው። ቀዶ ሕክምናውን ያላወቀ ራዲዮሎጂስት ያንን ሲያይ «በግራ የሳንባ ደም ቅዳ ውስጥ የረጋ ደም» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም። የሐኪሙ የምርመራ መጠየቂያ ወረቀት ላይ «ትንፋሽ ማጠር፣ የሳንባ ደም መርጋት?» ብቻ ተጽፎ፣ ፎንታን የሚለው ቃል ሳይጠቀስ የሚላክ ስንት ታካሚ አለ!

ይህን ስንል የወንድምዎ ሲቲ ተሳስቷል ማለታችን አይደለም። ፎንታን ያለው ሰው እውነተኛ የረጋ ደምም እዚያው ግራ ሳንባ ላይ ሊኖረው ይችላል፤ ትንፋሽ ማጠሩና ውጋቱም ከዚያ ጋር ይሄዳል። ምስሉ በምን መንገድ እንደተነሣ ሳይታወቅ ግን ማመንም መካድም አይቻልም።

ስለዚህ አዲስ ምስል ከመነሣቱ በፊት የድሮው ይመርመር። ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውን ይጠይቁ። ከልጅነት ጀምሮ ያለን የልብ ሕመም የሚከታተል ሐኪም ወይም በልብ ምስል የሠለጠነ ራዲዮሎጂስት ሲያየው ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ኮንትራስቱ የገባው ከየት ነው? ምስሉ የተወሰደው ከስንት ሰከንድ በኋላ ነው? ዘግይቶ የተወሰደ ሁለተኛ ምስል አለ? በሲዲው ውስጥ እያንዳንዱ ተከታታይ ምስል የተነሣበት ሰዓት ተመዝግቧል፤ ሁለት ዙር ከነበረ ይታያል። የግራጫው ጠርዝም ይናገራል። ያልተቀላቀለ ደም ጠርዙ የደበዘዘ ነው፣ እንደ ጭስ እየሳሳ ወደ ነጩ ይገባል። የረጋ ደም ግን ጠርዙ የተቆረጠ ያህል ጥርት ያለ ነው፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ወይም መሐል ላይ ተንጠልጥሎ ቅርጹን ይይዛል። ጠርዙ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ዘግይቶ የተወሰደ ምስል ከሌለ ሲቲው መደገም አለበት፤ በሚከተሉት ሁለት መንገዶች ባንዱ።

አንደኛው መጠበቅ ነው። ኮንትራስቱ በክንድ ከገባ በኋላ ሳንባን፣ ልብንና መላ ሰውነትን ዞሮ ከእግርና ከሆድ ደም ጋር እስኪመለስ ምስሉ ይዘገያል። ከ60 እስከ 90 ሰከንድ የሚጠብቁ አሉ፤ ደም ዝውውሩ በጣም ዝግ ባለ ሰው ላይ እስከ 2 እና 3 ደቂቃ የሚያዘገዩም አሉ። ያን ጊዜ ሁለቱም ጅረቶች እኩል ነጭ ይሆናሉ፣ ግራጫ ሆኖ የቀረው እውነተኛው ነው። ጉድለቱ ኮንትራስቱ እየዞረ ስለሚቀጥን ነጩ እንደ መጀመሪያው አያበራም፤ ማሽኑን በዝቅተኛ ቮልቴጅ (80 ወይም 100 ኪሎ ቮልት) ማሠራት ይህን በከፊል ይክሳል።

ሁለተኛው በክንድና በእግር በአንድ ጊዜ መስጠት ነው፣ ብዙ ጊዜ ኮንትራስቱን በሳላይን አቅጥኖ። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህኛው ያማረ ነው። በተግባር ግን የእግር ደም ሥር ማግኘት ያስቸግራል፣ ሁለት ካኑላ ይፈልጋል፣ የሁለቱ ሰዓት ካልገጠመ ያው ስፕሪስ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ዙር ብቻ የሚነሣ ከሆነ የዘገየው ይሁን የሚል ነው የእኛ ምክር። ጥርጣሬው እንደ ወንድምዎ ጠንካራ ሲሆን ግን ፈጣኑም ዘግይቶ የሚነሣውም ተወስዶ ማነጻጸሩ ይጠቅማል፦ በመጀመሪያው ታይቶ በሁለተኛው የጠፋ ግራጫ ያልተቀላቀለ ደም ነበር፤ በሁለቱም በአንድ ቅርጽ የቆየ ደግሞ ረግቷል። ሁለት ዙር ማለት ግን ሁለት ጊዜ ጨረር ነው። ዕድሜ ልኩን ምስል ለሚነሣ የ19 ዓመት ልጅ ይህ በየጊዜው የሚደረግ ነገር አይደለም።

የኮንትራስቱ መጠን በአብዛኛው በአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ነው፤ 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ75 እስከ 100 ሚሊ ሊትር። አስቀድሞ የኩላሊቱን ሥራ የሚያሳየው ክሬቲኒን ይለካ፣ ውሃ ጠጥቶ ይሂድ። ደረቅ ጾም ጾሞ በማግስቱ ኮንትራስት መውሰድ ለኩላሊቱም ለደሙም ጥሩ አይደለም።

አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። ኦክስጅኑ 86 መሆኑ በቱቦውና በልቡ መካከል ሆን ተብሎ የተተወ፣ ወደ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ሳይኖረው እንደማይቀር ይጠቁማል (ለግፊት ማስተንፈሻ ይተዉታል፤ ዝቅተኛ ኦክስጅን ሌሎች ምክንያቶችም አሉት)። በዚያ ቀዳዳ የሚሾልክ ነገር በሳንባ ሳይጣራ ወደ ጭንቅላት ይሄዳል፣ የአየር አረፋም ቢሆን። ስለዚህ የትኛውም ግሉኮስ ወይም መርፌ ሲሰጠው ቧንቧው ከአረፋ የጸዳ መሆን አለበት፤ የአየር ማጣሪያ ካለም ይገጠም። ሲቲ ክፍል ኮንትራስት በማሽን ሲገፋ ማጣሪያው ግፊቱን ስለማይችል አረፋውን በዓይን እያዩ ማስወጣት ግድ ነው። ይህንን ለነርሷም ለራዲዮግራፈሩም ለእያንዳንዳቸው ይንገሩ፤ አንዱ ለሌላው ይነግራል ብለው አይተዉት።

የሚከተለውን በወረቀት ጽፈው ለምርመራ ክፍሉ ይስጡ፤ ሐኪሙ መጠየቂያው ላይ ቢጽፈው ደግሞ ይበልጣል፦

«ታካሚው አንድ የታችኛው የልብ ክፍል ብቻ ነው ያለው፤ በ6 ዓመቱ ፎንታን ተሠርቶለታል። በክንድ የሚሰጥ ኮንትራስት ወደ አንድ ሳንባ ያደላል፤ እባክዎ ዘግይቶ የሚነሣ ምስል ይጨመር። ከቀኝ ወደ ግራ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሊኖረው ስለሚችል በደም ሥር አየር እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ዋርፋሪን ይወስዳል።»

ወደ ኢኮው እንምጣ። ኢኮ ጥሩ ምርመራ ነው፣ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው እንጂ። የልቡ ጉልበት፣ የበሮቹ መፍሰስ፣ የቀዳዳው ፍሰት፣ ከጎድን በታች ሲታይ ደግሞ የታችኛው ደም መልስ ወደ ቱቦው የሚገባበት አፍ፤ እነዚህን ያሳያል። ደሙ በጣም ዝግ ሲል እንደ ዕጣን ጭስ የሚዞር ጥላ ያሳያል፤ ይህ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። የግራ ሳንባ ደም ቅዳ ግን ከአየር ቧንቧና ከሳንባ ጋር ተጠጋግቷል፣ ኢኮ የሚሠራበት የአልትራሳውንድ ድምፅ ደግሞ አየርን በደንብ አያልፍም። ሰው ሠራሹ ቱቦም ድምፁን ስለሚመልስ ውስጡ በደንብ አይታይም። በ6 ዓመት ልጅ ደረት ላይ የሚገኘው መስኮት በ19 ዓመት ላይ ጠቧል። ስለዚህ ሲቲው የጠረጠረውን ቦታ ኢኮው ባያየው አይገርምም። የኢኮ ባለሙያውን «የግራው የሳንባ ደም ቅዳ ታይቷል ወይ? ቱቦው ከላይ እስከ ታች ታይቷል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። «አልታየም» ካለ ያ መልስ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

አንድ ቦታ ስሙን ጠርተው ያስፈልጉ፦ ከታችኛው የልብ ክፍል ወደ ሳንባ ይሄድ የነበረው፣ በቀዶ ሕክምና የተዘጋው የደም ቅዳ ቁራጭ። አንዳንድ ሰው ላይ ከልቡ ጋር እንደተያያዘ እንደ ኪስ ይቀራል፤ ደም እዚያ ይተኛል፣ ይረጋል። ከዚያ የተነሣ ቁራጭ መንገዱ ወደ ሳንባ ሳይሆን ወደ ጭንቅላት ነው።

በጉሮሮ የሚገባው ኢኮ ለላይኛው የልብ ክፍል ከሁሉም የተሻለ ነው። ልብ ምቱ ተዛብቶ በኤሌክትሪክ መመለስ ካለበትና አስቀድሞ 3 ሳምንት በደንብ የተያዘ ደም ማቅጠኛ ካልወሰደ፣ በዚህ ኢኮ ሳይታይ አይነካም። ለግራ ሳንባ ደም ቅዳ ግን እሱም ሙሉ መልስ አይሰጥም። ለፎንታን ሰው የራሱ አደጋም አለው፦ ከጠንካራ ምግብ 6 ሰዓት፣ ከውሃ 2 ሰዓት መጾም ያስፈልጋል፤ ሰውነት ሲደርቅ ወደ ሳንባ የሚፈሰው ደም ይቀንሳል። በማደንዘዣው ትንፋሹ ሲደክም ደግሞ የሳንባው ግፊት ይጨምራል። ቀጠሮው የጠዋት የመጀመሪያው ይሁን፣ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጠው። ጉበቱ ተጎድቶ ከሆነ የጉሮሮ ደም ሥሮች ሊያብጡ ስለሚችሉ ይህን አስቀድመው ይንገሩ።

ኤምአርአይ ሲገኝ ጨረር የለውም፤ የደሙን ፍሰት በቁጥር ይለካል፤ ኮንትራስት ተሰጥቶ በልዩ አነሣስ የረጋ ደምን ጥቁር አድርጎ ያሳያል። ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ተኝቶ ደጋግሞ ትንፋሽ መያዝ ይፈልጋል። በደም ሥሩ ውስጥ የገባ ብረት ካለ አካባቢውን ያጠፋዋል፤ የልብ ምት ማስተካከያ ባትሪ ካለው ደግሞ ዓይነቱ ሳይታወቅ አይገባም። ትንፋሽ ላጠረው ሰው ቀዳሚው ሲቲ ነው፤ ለዓመታዊ ክትትል ግን ኤምአርአይን እንመርጣለን።

አሁን ወደ አይኤንአሩ። ማንም ያልጠረጠረው ነገር እዚህ ሊኖር ይችላል። ሄሞግሎቢን 19 ማለት ሄማቶክሪቱ (ቀይ ሴሎች ከደሙ የያዙት ድርሻ) ወደ 57 በመቶ ነው። ለአይኤንአር የሚሆነው ሰማያዊ ክዳን ያለው ቱቦ ውስጥ ለ9 እጅ ደም 1 እጅ ሲትሬት (ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ) አስቀድሞ ተቀምጧል። ልኩ የተሠራው ለመደበኛ ደም ነው። የወንድምዎ ደም ቀይ ሴሉ ስለሚበዛ ፈሳሹ ያንሳል፤ ሲትሬቱ ለፈሳሹ ይበዛበታል፣ ደሙ በቱቦው ውስጥ ሳይረጋ ይቆያል፣ አይኤንአሩ ከእውነተኛው በላይ ይወጣል። ከዚያ መጠኑ ይቀነሳል፤ በሌላ ቀን እውነተኛው 1.7 ይመጣል። ሄማቶክሪት ከ55 በመቶ ሲያልፍ ላቦራቶሪው ሲትሬቱን መቀነስ አለበት። 2.7 ሚሊ ሊትር ደም በሚይዘው ቱቦ ውስጥ 0.3 ሚሊ ሊትር ሲትሬት አለ፤ ለ57 በመቶ የሚበቃው 0.2 ገደማ ነው፣ ስለዚህ 0.1 ይወጣለታል። ደም ከመቀዳቱ በፊት ሄማቶክሪቱን ጽፈው ለላቦራቶሪው ይስጡ። ከጣት ጠብታ የሚለኩት ትንንሽ መሣሪያዎችም ብዙዎቹ ከ55 በመቶ በላይ አይታመኑም።

ሌላው ምክንያት ከማዕድ ቤት ይመጣል። ጎመን የዋርፋሪንን ሥራ ያዳክማል። በጾም ወራት ጎመኑ ሲበዛ አይኤንአሩ ይወርዳል፤ ፍስክ ሲገባ ይወጣል። ጎመን ይከልከል አንልም፤ በየሳምንቱ መጠኑ ይመሳሰል። ለውጋቱ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ ገዝቶ እንዳይውጥ።

የ19 ሄሞግሎቢን ያስፈራችሁ ይሆናል። ኦክስጅኑ ዝቅ ያለ ሰው ደሙ የሚወፍረው ለማካካስ ነው፤ ቁጥሩ ስለበዛ ብቻ ደም ማስቀዳት ብረቱን አሟጦ ለስትሮክ ያጋልጠዋል። በሰውነቱ የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው ፌሪቲን ይለካ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የጤነኛ ሰው ኦክስጅንም ቆላ ካለው ዝቅ ይላል። ስለዚህ 86ን ከመጽሐፍ ቁጥር ጋር ሳይሆን ከራሱ ከአምናው ቁጥር ጋር ያስተያዩት።

የቀዶ ሕክምናው ዝርዝር ወረቀት ከሌላችሁ አሁኑኑ ይጠይቁ፤ የቱቦው ስፋት፣ ቀዳዳው ይኑር አይኑር፣ የሳንባ ደም ቅዳው ቁራጭ እንዴት እንደተዘጋ እዚያ ነው ያለው። ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ሕፃናት የተሠሩት እስራኤል፣ ሆሎን በሚገኘው ወልፍሰን ሆስፒታል ወይም ሕንድ ነው። ሆስፒታሎች የድሮ መዝገብ በኢሜል ሲጠየቁ የፓስፖርት ቅጂና የተሠራበትን ዓመት ይፈልጋሉ። 18 ዓመት ስለሞላው ጥያቄው በራሱ ፊርማ ይሁን።

ይህ ሁሉ እስኪሟላ ፊቱ ከጣመመ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ አንድ እጁ ከዛለ፣ ደም ካስለው፣ ራሱን ከሳተ፣ ወይም ልቡ ሳያቋርጥ በፍጥነት ከመታ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

የተደገመው ሲቲ «ረግቷል» ካለ መድኃኒቱ ይቀጥላል፤ ብዙውን ጊዜ ከ3 ወር ገደማ በኋላ በዚያው አነሣስ፣ በዚያው ሰከንድ እንደገና ይታያል፤ አነሣሱ ከተለየ ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም። «የለም» ካለ የትንፋሹ ማጠር ሌላ ምክንያት ይፈለግለታል፦ የልብ ምት፣ የቱቦው መጥበብ፣ የቀዳዳው ፍሰት። ያን ጊዜ ወደ አስፒሪን ይውረድ ወይስ ዋርፋሪን ይቀጥል የሚለውን ሐኪሙ ይወስናል። ለእናትዎ ደግሞ እስካሁን የወሰደው መድኃኒት በከንቱ እንዳልሆነ ይንገሯቸው፤ ጥርጣሬው እያለ ሳይወስድ መቆየቱ ነበር የሚያስፈራው። የአዲሱን ሲቲ ሲዲ ሁለት ቅጂ ያስገልብጡ፣ አንዱ ቤት ይቀመጥ።